አሮጌ ኮምፒዩተርዎን ከመሸጥዎ በፊት

አንባቢዬ ሆይ፤ ኮምፒዩተርዎ እስኪከፈት ድረስ ቡና ጠጥተው ያውቃሉን? እኔ ጠጥቻለሁ፤ ያውም አንድ ስኒ ብቻ አይደለም። ቁይ በተከራየኋት ቤት ጧት ጧት የላፕቶፔን ቁልፍ ተጭኜ ከአከራዬ ከእማማ ጋር ለቡና እቀመጥ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የዊንዶውሱ ሥዕል ብቅ ይላል፤ የፈተና ጥያቄ የምጽፍበት ገጽ እስኪከፈት ደግሞ በረካው ይደርሳል። እማማ አንድ ቀን ዕቃውን ትክ ብለው ተመለከቱና፥ «መምህር፥ ይኸ ዕቃህ ታሟል መሰል፤ ጠበል አትወስደውም እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩ ለቀልድ ይመች እንጂ ጉዳቱ ቀልድ አልነበረም። ላፕቶፑ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ተመራቂ ላይ የገዛሁት ሲሆን ዕድሜው ከዐሥር ዓመት አልፏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለጀማሪ መምህርም ሆነ ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ የሚበላ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ አሮጌውን በርካሽ ሸጬ፥ ጥቂት ተበድሬ፥ ከእርሱ በመጠኑ የሚሻል ሌላ አሮጌ ልገዛ ተነሥቼ ነበር። ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያንኑ በሽታ በሌላ ሰው ቆዳ ውስጥ እገዛው ነበር።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበረ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። በወረዳችን በደባይ ጥላትግን ግን ማውዝ በእጁ ጨብጦ የማያውቅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማግኘት ከባድ አይደለም። ልጁ ፊዚክሱን ያውቀዋል፤ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ቀስቷን ከመልሱ ላይ ለማሳረፍ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። በምናገለግልበት ትምህርት ቤት ከአንድ ክፍል ጥግ አቧራ የለበሱ ስድስት ዴስክቶፖች ነበሩ፤ «አርጅተዋል» ተብለው የተተዉ ናቸው። እኔም የራሴን ሕመምተኛ ሳስታምም የተማርሁትን በኋላ በእነርሱ ላይ ሞከርሁት። ውጤቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ኮምፒዩተር ለምን እንደሚዘገይ መረዳት ያስፈልጋል፤ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነውና። እርስዎ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ ከሆኑ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። ፕሮሰሰሩ ከጠረጴዛው ፊት የተቀመጠ ጸሐፊ ነው። ራም የሚባለው ጠረጴዛው ነው፤ ጸሐፊው በእጁ የሚሠራባቸው ፋይሎች ከዚያ ላይ ይዘረጋሉ። ሃርድ ዲስኩ መዝገብ ቤት ነው። አሁን ጠረጴዛው ጠባብ፥ የመዝገብ ቤቱም ሠራተኛ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ እንደሆነ ያስቡ። ጸሐፊው የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን ፋይል እስኪመጣለት አገጩን ደግፎ ይቀመጣል። በአብዛኞቹ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ገና ደኅና ነው፤ ያስቸገረው የመዝገብ ቤቱ መንገድ ነው።

ይህ የእርስዎም ችግር መሆኑን ለማወቅ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ዊንዶውስ 10 ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በዚያ ውስጥ ሲፒዩ፥ ሜሞሪና ዲስክ በመቶኛ ተጽፈው ያያሉ። ኮምፒዩተሩ ሲንፏቀቅ ዲስኩ 100 ላይ ቆሞ ሲፒዩው 10 ወይም 20 ቢሆን ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪው ከ90 በላይ ከሆነ ጠረጴዛው ጠቧል ማለት ነው። የእኔው ዲስክ ከተከፈተ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ከ100 አይወርድም ነበር።

ከዚያው ሳይወጡ ስታርትአፕ የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች ስም ዝርዝር ያለው እዚያ ነው። ለፊልም ብለው አንድ ቀን የጫኑት፥ ጓደኛዎ «ጠቃሚ ነው» ብሎ የሰጥዎት፥ ሁሉም ከዚያ ተሰልፎ ያገኙታል። የማያስፈልገውን ዲሴብል ያድርጉት፤ ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሲጠሩት ብቻ ይመጣል። «ኮምፒዩተር ያፈጥናል» ተብለው የሚጫኑትን ፕሮግራሞች ግን ከቶ አይመኑ። እኔ እስካሁን ካየኋቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ሸክም ናቸው።

ቫይረስም አለ። በእኛ አገር ፍላሽ እንደ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት፥ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዞራል። ፍላሽዎን ከፍተው ፎልደሮችዎ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ካገኟቸው የእንግዳውን ማንነት ያውቁታል። ዊንዶውስ 10 ዲፌንደር የሚባል የራሱ ጠባቂ ስላለው ሁለትና ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ አያስፈልግም፤ እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ኮምፒዩተሩን ያደክሙታል። ችግሩ ጠባቂው አዲስ መረጃ የሚያገኘው ከኢንተርኔት መሆኑ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ይህ ምን ያህል እንዳስቸገረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። እኔ ለወር የሚያስፈልገኝን አንዴ ደብረ ማርቆስ ስወርድ በፍላሽ አወርድ ነበር።

አሁን ዊንጭቱን እናንሣ። የጎጃም ደጋ ብርድ አመሻሽ ላይ ሰውን ከጋቢ ውስጥ ያስገባዋል፤ ላፕቶፑም አብሮ ከጋቢው ላይ ይቀመጣል። ይህ ልማድ የአየር መውጫውን ያፍናል። በዚህ ላይ የበጋ አቧራና የማድቤት ጢስ ሲጨመርበት በፋኑና በማቀዝቀዣው መካከል እንደ ብርድ ልብስ የተደመደመ ነገር ይሠራል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ ለዐሥር ደቂቃ ደኅና ሆኖ ቆይቶ ፋኑ መጮህ ሲጀምር የሚዘገይ ኮምፒዩተር ካለዎት አቧራውን ይጠርጥሩ። የሚያስፈልገው ትንሽ ዊንጭትና ደረቅ፥ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው። አስቀድመው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ የመክፈቻውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ እጅዎንም ቀለም ያልተቀባ ብረት አስነክተው ይጀምሩ። ሲጠርጉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት። እርጥብ ጨርቅ ከቶ አይታሰብም። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው በሚገናኙበት ላይ ያለው ቴርማል ፔስት በዓመታት ብዛት ስለሚደርቅ፥ እጅዎ ከለመደ በኋላ የድሮውን ጠርገው ጥቂት አዲስ መቀባት ይችላሉ። ካልለመዱ ግን ለባለሙያ ይተዉት፤ እኔም የመጀመሪያውን ያስቀባሁት በሰው ነው።

ወደ ዋናው መድኃኒት እንምጣ። ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳና ከሰሌዳው ላይ የሚመላለስ ክንድ ያለው መኪና ነው። ጥንታዊ ነገር ነው፤ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ሲያወጣ ሃምሳ ሰሌዳዎች ተደራርበውበት ቁም ሣጥን የሚያህል ነበር፤ የሚይዘውም አምስት ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነው። ዛሬ በላፕቶፕ ውስጥ ያለው መዳፍ ያህል ቢሆንም አሠራሩ አልተለወጠም። ሰሌዳው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ክንዱ የተበታተነ ፋይል ለመሰብሰብ ወዲህና ወዲያ ሲል በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ቢደርስ ነው። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ እንደ ፍላሽ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚሠራ በአንዱ ሰከንድ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ትልቅ ፋይል በተርታ ሲነበብ እንኳ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያህል ሲሰጥ የሳታ ኤስ ኤስ ዲ ወደ 500 ይጠጋል። አነካሹ ሽማግሌ በጡረታ ተሰናብቶ እግረ ቀና ወጣት መዝገብ ቤት ገባ ማለት ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ በመንገድ ላይ ቢንገጫገጭ ወይም ከጠረጴዛ ቢወድቅ የሚሰበር ክንድ የለውም።

ሳታ የሚባለው ማያያዣ ከአሮጌው ጋር ስለሚስማማ ባለ 2.5 ኢንች ኤስ ኤስ ዲ ሃርድ ዲስኩ ከወጣበት ቦታ ላይ ልክ ይገባል። በዴስክቶፕም በዚያው በሳታው ገመድ ይያያዛል። ማያያዣው የቀድሞው ሳታ 2 ቢሆንና ሙሉ ፍጥነቱን ባይሰጥም እንኳ ልዩነቱ ዓይን የሚገባ ነው። ኮምፒዩተርዎ ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ ያለው፥ ሳታ ያልደረሰበት ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያውጡ። መጠኑን በተመለከተ 120 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፤ 240 ወይም 256 የሚሆነው ለጽሕፈትና ለትምህርት ሥራ ይበቃል። ፊልምና ዘፈኑ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ይቅር፤ እርሱንም ርካሽ የሆነ የዩ ኤስ ቢ ኬዝ ገዝተው ቢያለብሱት ከውጭ የሚሰካ ዕቃ ቤት ይሆንልዎታል። ዊንዶውሱንም ካሮጌው ከመገልበጥ ይልቅ በኤስ ኤስ ዲው ላይ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል፤ የተጠራቀመው ጉድፍ አብሮ አይሄድምና። አስቀድሞ በሕጋዊ መንገድ የጸደቀ ዊንዶውስ 10 ከነበረ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይጸድቃል።

በግዢው ላይ ግን ዓይንዎን ይግለጡ። እኔ የመጀመሪያውን ኤስ ኤስ ዲ የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ስሙን ማንሣት አልፈልግም፤ ሻጩም ሳያውቅ ተታሎ ይሆናል። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ዋጋው ከጎረቤቱ በግማሽ ያንሳል፤ እኔም ዕድለኛ መሰልሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተማሪዎቼ የውጤት ሰነድ አልከፈት አለኝ፤ ቀጥሎ ፎቶግራፎቼ፤ ቀጥሎ ሁሉም። ለካ ከውስጡ ያለው ቦታ ከተጻፈው ቁጥር እጅግ ያነሰ ኖሮ አዲሱን ከአሮጌው ላይ ይጽፈው ነበር። ውጤቱን ከወረቀት ሮስተር ላይ እንደገና ለመገልበጥ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የዕቃውን ባዶ ቦታ ሁሉ ጽፎ፥ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይናገራል። ሥራዎን ከማስገባትዎ በፊት በእርሱ ይፈትኑት፤ ሻጩንም ለመመለሻ ቀን እንዲሰጥዎ በደረሰኝ ያስጽፉት። ከአዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት መርካቶና መገናኛ ዋጋ ማነጻጸር ይቀላል።

ቀጥሎ ያለው ራም ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ 4 ጊጋባይት ራም ይዞ ዎርድና ክሮም አንድ ላይ መክፈት በሞሰብ ክዳን ላይ ለዐሥር ሰው እንጀራ ማቅረብ ነው። ወደ 8 ማድረስ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። ከዚያ በላይ መጨመር ግን ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ብዙ አይታይም። ታስክ ማናጀሩ ሜሞሪ በሚለው ገጽ ላይ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግርዎታል። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ጓደኛዬ «ዲዲአር 4 ይሻላል» ስላለኝ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ዲዲአር 4 ገዝቼ ተመለስሁ። ላፕቶፔ ግን የዲዲአር 3 ዘመን ሰው ነው፤ የሁለቱ ጥርስ የተቀደደበት ቦታ ስለሚለያይ በጉልበትም አይገባም። የመኪናውን ሁለት ጉዞ ኪሳራ በራሴ ላይ መዘገብሁ። እርስዎ ሲሄዱ አሮጌውን ራም አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ይዘውት ይሂዱ፤ ከላዩ የተጻፈውን ሻጩ ራሱ ያንብበው። የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፕ ራም አጭር መሆኑንም አይርሱ። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚገነቡት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች ምክንያት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በብዙ ጨምሯል። ስለዚህ ከተበላሸ ኮምፒዩተር የወጣ፥ ያገለገለ ራም መፈለግ አያሳፍርም፤ ራም እንደ ሃርድ ዲስክ የሚያረጅ ዕቃ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ራም ጨምረው ኮምፒዩተሩ ከ3 ጊጋባይት ብዙም የማይበልጥ የሚያይ ከሆነ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ካልተጫነ በቀር የጨመሩት ራም ከውጭ ቆሞ ይቀራል።

በጣም ርካሹን መድኃኒት ለማለፍ አልፈልግም። ኮምፒዩተርዎ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት የሚሄድ ከሆነ፥ ኢንተርኔትም ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ የሚከለክልዎ ከሆነ፥ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ አር 2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ሞታለች። ከስድስቱ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሁለቱ «ተበላሽተዋል» የተባሉት በእርስዋ ምክንያት ነበር።

ስለ ሶፍትዌሩ ደግሞ እንነጋገር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና፥ በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ የእኛ አሮጌዎች ከዚህ በታች ናቸው። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነጻ ሲስተም፥ በተለይ ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የተባለው ቀላሉ ዓይነት፥ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ላይ እንኳ ይሠራል፤ 4 ካለው ደግሞ ይመቸዋል። ሊብር ኦፊስ የሚባል የጽሕፈትና የሒሳብ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ በዊንዶውስ ፍላሽ የሚመላለሰውም ቫይረስ አይነካውም። ሳይጭኑትም ከፍላሽ ላይ አስነሥተው መሞከር ይቻላል።

የአማርኛው ጽሕፈት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በሊኑክስ አማርኛ መጻፍና ማንበብ አያስቸግርም። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤዎች በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተጻፉ ከሆኑ ሲከፍቷቸው የተደበላለቀ የላቲን ምልክት ብቻ ሊያዩ ይችላሉ። ፓወር ግዕዝም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ለተማሪ ሊኑክስን ሳላመነታ እመክራለሁ፤ ለጸሐፊ ግን አስቀድሞ ሰነዶቹን ይመርምር እላለሁ።

ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢዬ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ግን በጀግንነት አይክፈቱት፤ በንብረት ክፍል ቁጥር ተሰጥቶት የተመዘገበ ነውና ነገ «ሃርድ ዲስኩ የት ገባ?» ሲባል መልስ ያጣሉ። ለኃላፊው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አዲሱ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፤ የወጣውም በንብረት ክፍል ይመለስ። ወረቀቱ ያሰለቻል፤ እኛም ለስድስቱ ኮምፒዩተሮች ፈቃድ እስክናገኝ አንድ ወር ጠብቀናል። የሆነ ሆኖ ከመጋዘን ተዘግቶባቸው ከሚበሰብሱ ይህ ይሻላል።

ስድስቱስ ምን ሆኑ? ሁለቱ በሳንቲም ባትሪና በብሩሽ ብቻ ተነሡ። ሁለቱ ኤስ ኤስ ዲ ገባላቸው፤ ገንዘቡን መምህራኑ አዋጥተን ነው። አምስተኛው ራሙን ያገኘው ከስድስተኛው ነው። በአምስቱም ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫንን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ተማሪዎቹ በሁለት ፈረቃ ገብተው በምርጫ ጥያቄ ይለማመዳሉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማውዙን በሁለት እጅዋ እንደ ጫጩት ጨብጣ ይዛ የነበረች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በአራተኛው ሳምንት ሃምሳ ጥያቄ ከተሰጠው ሰዓት ቀድማ ጨርሳ ከኋላዋ ለቆመው ወንበሩን ለቀቀች። የእኔው ላፕቶፕ አሁን አቦሉ ሳይቀዳ፥ እማማ ገና ቡናውን ሲቆሉ ይከፈታል፤ እርሳቸው ግን ጠበሉ ነው ባይ ናቸው።

ስድስተኛው አልዳነም። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ነበር። ክዳኑን ከፍተን ከክፍሉ ፊት ለፊት አስቀምጠነዋል፤ ፕሮሰሰሩን፥ የራሙን ቦታና ሃርድ ዲስኩን ለልጆቹ በጣት የማሳያቸው ከእርሱ ላይ ነው።